እርጥብ ዕቃ አይመዘንም

የባለቤቴ አባት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የእህል መጋዘን መዛኝ ነበሩ። ቤት ውስጥ አባባ እንላቸዋለን፤ የመጋዘኑ ሰዎች ግን ግራም ነው የሚሏቸው። ስሙ የወጣላቸው፣ አንድ መኪና ሙሉ በቆሎ ተራግፎ ከተደረደረ በኋላ፣ "ከታች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለው ጆንያ ግማሽ ኪሎ ይጎድለዋል" ብለው ከሥር አስወጥተው ያስመዘኑ ቀን ነው ይባላል። እውነት ጎድሎ ነበር ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"ግማሽ ኪሎማ አልነበረም" አሉኝ ቅር ብሏቸው። "አራት መቶ ሰማንያ ግራም ነው የጎደለው።"

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። አጠር ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ቃል ከአፋቸው ከመውጣቱ በፊት ሳህን ላይ አስቀምጠው የሚያዩት የሚመስሉ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ልጃቸው ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው፤ ብቻቸውን አሳደጉት። ልጁ አድጎ የመንገድ ሥራ ማሽን ነጂ ሆነ፣ እኔን አገባ። ሥራው ሩቅ ስለሆነ በወር ሁለቴ ቢመጣ ነው። ስለዚህ በባለሁለት ክፍሏ ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምንኖረው እኔና አባባ ነን።

መጀመሪያ ላይ ፈርቻቸው ነበር። በተጋባን በሁለተኛው ወር ሽንኩርት ገዝቼ ስገባ አዩኝና "ስንት ኪሎ አለሽ ሻጩ?" አሉኝ። ሁለት አልኳቸው። መዘኑት፣ መቶ ግራም ተርፎ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ይቺ ልጅ ገበያ ታውቃለች" እያሉ ላገኙት ሰው ሁሉ ያወራሉ። ሻጩ ተሳስቶ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ሚዛኑ የራሳቸው ነው። ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አስገብቶ ስለነበር፣ ናሙና ይመዝኑበት የነበረውን ባለሁለት ሳህን የጠረጴዛ ሚዛን ከነብረቶቹ ሸለሟቸው። ትልቁ ብረት ሁለት ኪሎ ነው፤ ትንሿ አምስት ግራም፣ ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም። ሌላ ሰው ቢሆን የቤት ጌጥ ያደርገው ነበር። አባባ በየሳምንቱ ይወለውሉታል፣ መገናኛውን ዘይት ይቀቡታል፣ ከዚያ ባዶውን ያወዛውዙና ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩታል።

ልጃችን ስትወለድ ሦስት ኪሎ ከመቶ ነበረች። አባባ ሚጢጢ አሏት፣ በዚያው ጸና። በሦስተኛው ቀን ከጤና ጣቢያ ስንወጣ ካርዷ ላይ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሃያ ተጻፈ። አባባ ካርዱን ከእጄ ወስደው በሩ ላይ ቆመው አነበቡት።

"መቶ ሰማንያው የት ሄደ?"

"ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ ትንሽ ይቀንሳል ብላለች አዋላጇ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል አለች።"

"መጋዘን ቢሆን ተጠያቂ አለው" አሉ ካርዱን እያጠፉ።

አዋላጇ ሌላም ብዙ ነገር ነግራኝ ነበር። የሽንት ጨርቋን ቁጠሪ፣ የሰገራዋን ቀለም እዪ፣ ስትውጥ አዳምጪ ብላኛለች። እኔ ግን ስፌቱ እየጠዘጠዘኝ፣ ታክሲው ውጭ ጥሩንባ እየነፋብኝ፣ እሺ እሺ ብቻ እያልኩ ነው የወጣሁት። እሺ ያልኩትን ሁሉ ሰፈር ሳንደርስ ረሳሁት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታላቅ እህቴም ነበረች። እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ደንበኞቿ የሚበዙት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በየጠዋቱ እየመጣች ታግዘኝ ነበር።

"ልጄ፣ እንዳትቆጪኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ስትጠባ ስንት እንደሚገባላት እንዴት ነው የምታውቂው?"

ሳስበው ለካ አላውቅም። ጡት ላይ ምልክት የለውም፤ እንደ ጠርሙስ ከዚህ እስከዚህ ጎደለ አይባልም። ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተነስታ እንደገና ታለቅሳለች። ጠግባ ነው የተኛችው ወይስ ደክሟት?

"ከመጥባቷ በፊት እንመዝናታለን" አሉ አባባ። "ከጠባች በኋላም እንመዝናታለን። ልዩነቱ የገባው ነው። በቃ።"

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ነገሩ ንጹሕ ሆኖ ታየኝ። ሚዛኑ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ አንዱ ሳህን ላይ የታጠፈ ፎጣ ተነጠፈ፤ የፎጣውና የጨርቁ ክብደት እንደ ጆንያ ክብደት ታስቦ ተቀናሽ ሆነ። አባባ አንድ ሕግ ብቻ አወጡ፤ ልጅቷ ሳህኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ ደረቅ ጨርቅ ይቀየርላት።

"እርጥብ ዕቃ አልመዝንም። በሕይወቴ መዝኜ አላውቅም።"

ለምን እንዲህ እንደሚሉ አውቃለሁ። በመጋዘኑ ዘመን ነጋዴው ክብደት እንዲጨምርለት እህሉ ላይ ውኃ ያርከፈክፍ ነበር። አባባ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይከታሉ፣ አውጥተው ያሸታሉ፣ "ይሰጣና ይምጣ" ይላሉ፣ አለቀ። ተለምነዋል፣ ተሰድበዋል፣ አንድ ጊዜም ተደብድበዋል። ርጥበት ያለው ነገር ሚዛናቸው ላይ ወጥቶ አያውቅም።

"አባባ፣ ይቺ እኮ ልጅ ናት እንጂ ሽምብራ አይደለችም" አለች እህቴ።

"ሚዛኑ ያንን አያውቅም" አሏት።

ሥራችን እንዲህ ሆነ። ሚጢጢ ስትነቃ እህቴ ጨርቅ ትቀይርላታለች፣ አባባ ይመዝናሉ፣ እኔ ይዣት ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ አጠባለሁ። ስትጨርስ እህቴ እንደገና ጨርቅ ትቀይርላታለች፣ አባባ እንደገና ይመዝናሉ። እህቴ ወደ ፀጉር ቤቷ ስትሄድ የእሷን ሥራም እኔ እሠራለሁ። የቁም ሳጥኑ ጎን ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ በፊት፣ በኋላ፣ ልዩነት። ብረቶቹን ሲያስቀምጡ ትንሿን ብረት በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ እንደ መድኃኒት ነበር የሚያስቀምጧት።

የመጀመሪያው ልዩነት አሥራ አምስት ግራም ሆነ። ቀጥሎ አሥር። ቀጥሎ አምስት። ከሰዓት በኋላ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጠብታም ምንም ልዩነት የለም። አባባ ዜሮ መጻፍ ከብዷቸው ሰረዝ አደረጉ።

"ምናልባት ጡቱ ገና ነው" አሉ ወደኔ ሳያዩ።

በማግስቱም ያው ነው። አሥር፣ አምስት፣ አሥራ አምስት፣ ሰረዝ። አንድ ጊዜ ብቻ ሃምሳ መጣ። አባባ ግንባራቸውን አኮማተሩ፣ ሚዛኑን ባዶውን አወዛወዙ፣ ብረቶቹን አንድ በአንድ አዩና "ስህተት አለበት" ብለው በእጅጌያቸው አጠፉት። እኔም ከአሥሩ ይልቅ ሃምሳው ነው የሚዋሸው ብዬ አመንኩ። አንዴ ሰው ልቡ ከፈራ፣ የሚያስፈራው ቁጥር ብቻ ነው እውነት የሚመስለው።

ልጄን ማየት ትቼ ሚዛኑን ማየት ጀመርኩ። ሳጠባ ዓይኔ ከመጋረጃው ሥር የሚታየው የጠረጴዛው እግር ላይ ነው። ትከሻዬ ከጆሮዬ ጋር ሊገናኝ ደረሰ። ስታለቅስ ስድብ መሰለኝ፤ እናት ተብለሽ፣ ምን አለሽና ነው የምትል መሰለኝ። ባለቤቴ ስልክ ሲደውል "አባባ ምን አሉ?" ይለኛል። አባባ ምንም አይሉም። ሚዛኑ ነው የሚናገረው።

በሰባተኛው ቀን እህቴ የዱቄት ወተትና ጡጦ ገዝታ መጣች። ቆርቆሮውን ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው።

"አላስገድድሽም" አለችኝ። "የኔ ልጅ በዚህ ነው ያደገው፤ አሁን ከቁመቱ የተነሳ በር ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነው። ነውር የለውም።"

"ነውር ነው አላልኩም።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"አለኝ ብዬ ነበራ" አልኳት።

አጠገቤ ተቀምጣ ፀጉሬን ማበጠር ጀመረች። ሌላ የሚደረግ ነገር ሲጠፋት ፀጉር ትነካለች። እስከ ነገ እንይና ነገም እንዲሁ ከሆነ ጡጦውን እንጀምር ብለን ተስማማን። አባባ ከወዲያ ሆነው ሰሙን፤ ምሳ ሲቀርብላቸው "ይቆይልኝ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ በረንዳው ላይ ሳፋ ዘርግታ የሽንት ጨርቅ ታጥባለች። እኔ ሚጢጢን ታቅፌ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ። እህቴ ሥራ ላይ ሆና ዝም ማለት አትችልም።

"ዘጠኝ" ትላለች። "ትናንት ብቻ ዘጠኝ ጨርቅ። ይሄኛው ደግሞ እዩት፣ ቢጫ ቀለም የተነከረ ነው የሚመስለው። ምንም አልገባላትም ትላላችሁ፤ ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት ነው የሚወጣው? ከኔ ነው?"

ሳቅኩ። ከወለድኩ ጀምሮ ከልቤ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ሳቄ መሃል ላይ ቆመ።

ከየት ነው የሚወጣው?

ተነስቼ ቁም ሳጥኑ ጋ ሄድኩ። ሁላችንም ስናይ የነበረው የመጨረሻውን ዓምድ፣ ልዩነቱን ነው። እኔ የየዕለቱን የመጀመሪያ ቁጥር ብቻ ፈልጌ አነበብኩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አምስት። በስድስተኛው ዘጠኝ መቶ ሠላሳ። በሰባተኛው ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስት። የዛሬው ሦስት ሺህ ሙሉ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሒሳብ ላይ ጎበዝ አልነበርኩም፤ መደመር ግን ይገባኛል። የማይገባላት ልጅ በየቀኑ እንዴት ትጨምራለች?

"አባባ" አልኩ። "አንድ ነገር ይመዝኑልኝ።"

ሚጢጢ ጠብታ ከጨረሰች ገና አሥር ደቂቃም አልሆነም። እህቴ የቀየረችላት ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ነው፤ ገና ውኃ አልነካውም። አወጣሁት። በሌላው እጄ ከመደርደሪያው የታጠፈ ደረቅ ጨርቅ አነሳሁ፤ ሁለቱም ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ናቸው።

አባባ አዩኝ። "እርጥብ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ለዛሬ ብቻ።"

ጨርቆቹን በሁለት ጣታቸው ተቀበሉኝ። ከዚያ ደረቁን በአንዱ ሳህን፣ እርጥቡን በሌላው ሳህን አስቀመጡ። እርጥቡ ዱብ ብሎ ወረደ። ደረቁ ላይ አምስት ጨመሩ። አሥር ጨመሩ። ሃያ ጨመሩ። የሚዛኑ ምላስ ቀስ እያለ መጥቶ መሃል ላይ ቆመ።

"ሠላሳ አምስት" አልኩ። "ልዩነቱ ዛሬ ስንት ነበር ያሉት?"

"አሥር።"

"አርባ አምስት ጠጥታለች ማለት ነው። ሠላሳ አምስቱን እዚያው እየጠባች ሳለ ለቀቀችው። እኛ ደግሞ ጨርቁን ቀይረን፣ እሱን ባልዲ ውስጥ ጥለን ነው የመዘንናት።"

እህቴ እጇ ላይ አረፋ እንዳለ በሩ ላይ ቆማለች። አባባ ያጠፉትን ያን ሃምሳ ግራም ያስታወሰችው እሷ ናት። "ያኔ ጨርቁ ደረቅ ነበር" አለች። "ሽንት አልሸናችም ብዬ ራሱን መልሼ አሰርኩላት።"

አባባ ሁለቱን ጨርቆች እያዩ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አይደለም፤ የሚያውቁት ቤት ውስጥ በር የጠፋቸው ሰው ነበር የሚመስሉት። ከዚያ ኮፍያቸውን አነሱና ወጡ።

"አስከፋሻቸው" አለች እህቴ።

"እኔ ምን አልኩ?"

"ሠላሳ አራት ዓመት እኮ ነው ያናወጥሽባቸው።"

ሁለት ሰዓት ቆዩ። እኛም ወደ በሩ እያየን ቆየን። ሲመለሱ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር" አሉ። "ወረፋ ያዝኩ። ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። አንዷ ነፍሰ ጡር 'አባት፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?' አለችኝ።"

እህቴ ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ያቺን አዋላጅ አገኘኋት። የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት። ልጅ ጆንያ አይደለችም አለችኝ፤ እየገባላት እየወጣላት ነው የምትኖረው፤ የሚወጣውን ካልቆጠሩ የገባውን አያውቁትም አለችኝ። ነገ አምጧት ብላለች።" ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። "አራት ቀን ሙሉ በድዬሻለሁ፣ ልጄ።"

እንዲህ ብለው ለማንም ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"አብረን ነው የመዘንነው አባባ" አልኳቸው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። አዋላጇ ሚጢጢን ራቁቷን መዘነቻት፤ ሦስት ኪሎ ከአርባ። "የተወለደችበት ላይ ልትደርስ ስድሳ ግራም ቀርቷታል፣ ገና ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ በጣም ጥሩ" አለች። ከዚያ አግዳሚው ላይ አስቀምጣኝ እዚያው እንዳጠባ አደረገችኝ። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀመጡ።

"ትከሻሽን ልቀቂው" አለችኝ። "አንቺ ወደ እሷ አትጎንበሺ፣ እሷን ወደ አንቺ አምጫት። አገጯ ጡትሽን ይንካ። ጫፉን ብቻ አይደለም፣ ጥቁሩንም በአፏ ሙሉ ትያዘው። አዎ፣ እንደሱ። አሁን ዝም በይና ስሚ።"

ሰማሁ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ትስባለች። ከዚያ ዘግየት ትላለች፤ ሳብ፣ ሳብ፣ ከዚያም አገጯ ዝቅ ብሎ ቆም ይልና፣ ከጉሮሮዋ "ክ" የምትል ትንሽ ድምፅ ትወጣለች።

"እሷ ናት መዋጥ ማለት" አለች አዋላጇ። "እጇንም እዪ። ስትጀምር ጭብጥ አድርጋው ነበር፣ አሁን እየተፈታ ነው። ስትጠግብ ራሷ ትለቅሻለች። በቀን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ትጠባ፤ ቶሎ ቶሎ ጠባች ማለት ራባት ማለት አይደለም፣ ሆዷ ትንሽ ነው። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጨርቅ ካራሰች፣ ሰገራዋም ጥቁሩ አልቆ ቢጫ ከሆነ፣ እየበቃት ነው። ጨርቁ ካነሰ፣ ሽንቷ ከጠቆረ፣ ለመጥባት አልነቃ ካለች፣ ወይ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ነገ ሳትይ በዚያው ቀን ይዘሻት ነይ።"

"እህቴ ወተት ገዝታ ነበር" አልኳት።

"ክፉ አላደረገችም። የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ። ለዚችኛዋ አሁን አያስፈልጋትም።"

አባባ ፊታቸውን ሳያዞሩ እጃቸውን እንደ ተማሪ አነሱ። "የኔ እመቤት፣ ያ ድምፅ… አንድ ጊዜ ስንት ነው የሚሆነው?"

"ምኑ፣ አባት?"

"አንዱ ጉንጭ። ስንት ግራም?"

አዋላጇ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። "አላውቅም፣ አባት" አለች። "ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ መዝኜው አላውቅም።"

አባባ ይህንን ሲያስቡበት ቆዩ። "ይገርማል" አሉ።

ቤት ስንመለስ እኩለ ቀን አልፏል። እህቴ ምሳ ሠርታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ ወደ ፀጉር ቤቷ ሄዳለች። ሚጢጢ መንገዱን ሁሉ ተኝታ መጥታ በሩን ስናልፍ ነቃች። ማንም ወደ ጠረጴዛው አላየም። ይዣት ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ፣ ጀርባዬን ትራስ ላይ አስደገፍኩ፣ ትከሻዬን ለቀቅኩት።

አባባ ከመጋረጃው ወዲያ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እንደወትሯቸው ራዲዮ አልከፈቱም። ለረጅም ጊዜ ከእኔም ከእሳቸውም የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ የእሷ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሳብ፣ ሳብ፣ ቆም፣ ክ። ሳብ፣ ሳብ፣ ክ። አንደኛውን ጨርሳ ሁለተኛውን ያዘች። ትንሽ ቆይታ እጇ ጣት በጣት ተፈታና ደረቴ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ አፏ ራሱ ለቀቀ። በከንፈሯ ጥግ ቀጭን ወተት ወደ ጉንጯ ፈሰሰ፤ ልጠርገው ብዬ ተውኩት።

"ስንት…" አሉ አባባ፣ አቋረጡት። ወንበራቸው ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። "ማለቴ፣ ጠገበች ወይ?"

አየኋት። ማንንም ሳልጠይቅ፣ የትም ሳላይ፣ እሷን ብቻ አየኋት።

"ጠግባለች፣ አባባ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ተነስተው ወደ ምግቡ ሲሄዱ፣ ድስቱን ሲከፍቱ፣ ሳህን ሲያወርዱ ሰማሁ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ በቅጡ አልበሉም ነበር።

"እንግዲያውስ እኔም ልብላ" አሉ። "ላንቺም ላውጣልሽ?"

"ብዙ አድርገው ያውጡልኝ" አልኳቸው።